የአያ አንዳርጌ ቀኝ እግር

የአያ አንዳርጌ ቀኝ እግር የደነዘዘው አምቡላንሱን ከመፈተናችን በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አንስቼ ጥዬዋለሁ። የአንድ ሽማግሌ መካኒክ እግር ለሌላ ሰው ቁም ነገር ላይሆን ይችላል። ቡሬ ላይ በዚያ ጋራዥ ለምንሠራው ግን ያ እግር መለኪያችን ነበር። አንድ መኪና «ደህና ነው፣ ይሂድ» የሚባለው እሱ ሲፈቅድ ነው። እሱ ፈቅዶለት የወጣ መኪና ደግሞ ሰው ጭኖ ነው የሚሄደው።

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በኋላ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ሰዎች ጋቢ አልብሰው ሲሸኙኝ፣ አንዲት አዲስ የተቀጠረች መካኒክ ጠጋ ብላ «እትዬ የሺ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ። «አንድ እግር» ልላት ፈልጌ አፍሬ ተውኩት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት ዕድሜ እኔ ማታ ማታ አንደኛ ክፍል እቀመጥ ነበር። ቀን ቀን በአቶ የኔሰው ጋራዥ የመለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። እንግሊዝኛ ፊደል የለየሁት ከደብተር ሳይሆን ከኩሽኔታና ከማጣሪያ ካርቶኖች ላይ ነው። በርበሬ በሚጫንበት ወቅት ቡሬ በሙሉ ያስነጥሳል፤ ደንበኞች እያስነጠሱ ይገባሉ፣ መካኒኮቹ ከመኪና ሥር ሆነው ያስነጥሳሉ፣ እኔም መደርደሪያዎቹ መካከል እያስነጠስኩ አነብ ነበር። ነጂዎቹ «መነኩሲቷ» ይሉኝ ነበር። ኋላ ፍኖተ ሰላም ሄጄ በሙያ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ ተማርኩና ተመለስኩ። አቶ የኔሰው የምስክር ወረቀቴን አገላብጠው አዩና «ይህ ወረቀት ካምቢዮ ያወርዳል?» አሉኝ። ደመወዜ ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው ነገር ከመጋዘን ወጥቼ ከአያ አንዳርጌ ሥር መመደቤ ብቻ ነበር።

አያ አንዳርጌ ሙያውን የተማሩት በፊተኛው መንግሥት በመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ካምቢዮ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሌላው መካኒክ ከፈታ በኋላ ነው የሚታጠበው። ዘይት መለኪያውን መዘው ከማየታቸው በፊት ያሸቱታል። መኪና ለመፈተን ሲገቡ ደግሞ ቀኝ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ካልሲያቸውን ጠቅልለው ጫማው ውስጥ ይከቱና ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ። ምንጣፍ ካለ ያስነሳሉ። ሬዲዮ ያስጠፋሉ። ነጂው ወሬኛ ከሆነ «ወንድሜ፣ አፍህን ያዝልኝ፤ እግሬ እየሰማ ነው» ይሉታል።

እግራቸው የሚሰማው ምን እንደሆነ ማስረዳት አለብኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በዘይት የተዘፈቁ፣ ሸራ የምንላቸው ቀጫጭን መያዣዎች አሉ። ማርሽ ሲቀየር የዘይቱ ግፊት አንዱን ሸራ ይለቅና ሌላውን ይይዛል። ግፊቱ ከጠነከረ ቶሎ ይይዛል፤ ተሳፋሪው ግን ወደ ፊት ይገፈተራል። ከላላ ማርሹ መቀየሩ አይታወቅም፤ ሸራው ግን እስኪይዝ ድረስ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮም ያርራል። ለሰው የሚመቸው ለካምቢዮው አይመቸውም። ሥራችን በሁለቱ መካከል ቦታ መፈለግ ነበር።

አያ ለዚህ የራሳቸው ቃላት ነበሯቸው። የሚገፈትረውን «ረገጠ» ይሉታል፤ የሚዘገየውን «አንቀላፋ»። ሸራው እየተንሸራተተ ሲሆን «ዝንብ አለበት» ይላሉ። ላም ዝንብ ስታባርር ቆዳዋ ብቻ እርግብግብ እንደሚለው ያለ፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ቀጭን ንዝረት ነው። ጫማ ያደረገ ሰው አይሰማውም። እኔም ጫማዬን እንዳወልቅ ያዘዙኝ ለዚህ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ከማርሹ መለየት አቃተኝ፤ ቆይቶ ግን ለየሁት። ከለየሁበት ቀን ጀምሮ አያ «እግርሽ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁኝ ጀመር።

በሚሌኒየሙ ማግስት ባሉት ዓመታት አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ አንድ ትልቅ አውቶማቲክ ፒክአፕ ለወንበርማ ገጠር ጤና ጣቢያ ትቶ ሄደ። ከኋላ ሽፋን ተሠርቶለት አምቡላንስ ሆነ፤ ጥገናው ለእኛ ጋራዥ ተሰጠ። አብሮት አንድ በእጅ የሚያዝ ዕቃ መጣ። ሽቦው ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ይሰካል። ከዚያ የካምቢዮውን ሙቀት፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠ፣ ማርሽ ለመቀየር የፈጀውን ጊዜ በቁጥር ያሳያል። ከማሳየትም አልፎ የመኪናውን ኮምፒውተር ያዘዋል፤ ማርሹ መቼ እንደሚቀየር፣ ሸራው በምን ያህል ግፊት እንደሚያዝ። አብሮት የመጣው የእንግሊዝኛ መመሪያ «ቱነር» ይለዋል። የአምቡላንሱ ነጂ ይበልጣል «ሪሞት» አለው፤ ስሙ ያው ሆኖ ቀረ።

አያ አንዳርጌ መጀመሪያ ሲያዩት በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት።

«ይህች ሬዲዮ ምን ታወራለች?»

«ማርሹ ለመቀየር የፈጀውን ጊዜ ነው፣ አያ።»

«እስካሁን እኔ ምን አወራ ኖሯል?»

«እርስዎም ያንኑ። የእሷ በቁጥር ነው።»

«እንግዲያው ትምጣ፣ እንከራከራለን» አሉና መለሱልኝ።

መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ መጋዘኑ መስኮት ሥር ተቀምጬ ጨረስኩት። ከሁሉ በላይ የያዝኩት አንድ ምክር ነበር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ንዳው፣ ተመልከት፣ ከተጠራጠርክ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለስ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ጥሼ የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሠራነው የአንድ የማንኩሳ ነጋዴ መኪና ነበር፤ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ሰው የሚገፈትር። ከቡሬ እስከ ማንኩሳ አስፋልቱን እየተመላለስን ግፊቱን በትንሽ በትንሹ አላላሁ። አያ ጫማቸውን አውልቀው «ረገጠ» ይላሉ፣ ቁጥሩ ይመጣል። «ተሻለ» ይላሉ፣ ቁጥሩ ይመጣል። እግራቸው ሁልጊዜ ከመሣሪያው ይቀድማል። ስንመለስ ጫማቸውን እያሰሩ «ሬዲዮሽ ውሸታም አይደለችም» አሉኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ብዙ አይደለም።

ከዚያ የአምቡላንሱ ነገር መጣ። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ሲስተር እናትነሽ ራሷ ጋራዡ ድረስ መጥታ ተቆጣች።

«ማርሽ በቀየረ ቁጥር እናቶቹ ይጮሃሉ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዲህ ትገፈተራለች? እኔም መርፌ መያዝ አልቻልኩም።»

ይበልጣል ከኋላዋ ቆሞ «እኔን እንዳታዩኝ» አለ። «መኪናዋ ናት እንደ ደነበረች በቅሎ የምትራገጠው። እኔማ አብሬ ነው የምወድቀው።»

ሲስተር እናትነሽን ከኋላ አሳፍረን አምቡላንሱን ይዘን ወጣን። ይበልጣል ይነዳል፤ አያ ከጎኑ ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈዋል፤ እኔ ከኋላ ወንበር መሣሪያውን ይዤ፣ አንድ ጫማዬን አውልቄ ተቀምጫለሁ። መንገዱ ወደ ሽንዲ የሚወስደው ጠጠር ነው። ግፊቱን ደረጃ በደረጃ አላላሁት። መገፍተሩ ቀነሰ፣ ጠፋ። ሲስተር እናትነሽ ከኋላ «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ» አለች። አንድ ደረጃ ጨምሬ አላላሁት።

ዳገት ስንይዝ ከእግሬ ሥር ቀጭን ነገር ተሰማኝ። ቁጥሩን አየሁት፤ ረዘም ብሏል።

«አያ፣ ዝንብ አለበት መሰለኝ።»

«የቱ ጋ?» አሉ።

«ከሁለት ወደ ሦስት ሲል።»

«ይበልጣል፣ ድገመው።»

ይበልጣል ደገመው። እኔ እንደገና ሰማሁት። አያ አንዳርጌ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የለም። እንደ ቅቤ ነው።»

«መሣሪያውም ጊዜው ረዝሟል ይላል፣ አያ።»

«እታለም፣ መንገዱን እይው እስቲ። ጠጠሩን ነው የሰማሽው። አስፋልት ላይ ቢሆን ይህን አትይኝም ነበር።»

ይህ እውነት ሊሆን ይችል ነበር። ጠጠር እግርን ያታልላል፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። መመሪያው ግን ከተጠራጠርክ ተመለስ ይላል፤ እኔ ደግሞ ተጠራጥሬ ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭኖ አንድ ደረጃ መመለስ ምንም አይደለም። ግን አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ አባት የሚሆኑ ሰው አይደለም ብለዋል፣ ነርሷና ነጂው ይሰማሉ። በእኛ አገር እንዲህ ባለ ቦታ ሁለተኛ አይከራከሩም። «እሽ፣ አያ» አልኩና መሣሪያውን ነቀልኩት።

ክረምት ገባ። ዝናብ ባልተለየው አንድ ቀን ቀትር ላይ ይበልጣል ደወለ። ስልኩ ይቆራረጣል። «ሪሞታችሁ ጉድ ሠራችኝ! ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም! ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት!» የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

አቶ የኔሰው እህል ለመጫን የመጣ አይሱዙ አስቁመው ከአያ ጋር አሳፈሩን። በመንገድ ሁሉ እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፤ ሸራው አይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን።

አምቡላንሱ የሽንዲው መንገድ ዳገት እኩሌታ ላይ ቆሟል። የአካባቢው ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ደርሰዋል፤ ጭቃው ግን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው የሚያስኬድ አልነበረም። ከኋላ በሩ ተከፍቶ ሲስተር እናትነሽ ተንበርክካ ነበር። ስታየኝ «አሁን ማውራት የለም፤ ያዣት» አለችኝ። ሴትዮዋ እጄን ስትጨብጠው ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ዕድሜዋ ከአሥራዎቹ ብዙ አያልፍም። «እንዳልሞት፣ እትዬ» ትለኝ ነበር፣ ደጋግማ፣ ለእኔ ሥልጣን የተሰጠኝ ይመስል።

አራት ሰዎች አንስተው አይሱዙው ጋቢና ውስጥ አስገቧት። ሲስተር እናትነሽ አብራት ገብታ በሩን ዘጋች፤ መኪናው ዞሮ ወደ ቡሬ ወጣ። እኛ ዝናቡ ውስጥ ቀረን። አያ አንዳርጌ ኮፈኑን ከፍተው የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዙ፣ አሸተቱ፣ ለእኔ አቀበሉኝ። ማሽተት አላስፈለገኝም። ያረረ ቆሎ የሚመስለው ሽታ ከመለኪያው እስከ ፊቴ ደረሰ።

ሴትዮዋ ቡሬ ወለደች። እሷም ልጇም ተረፉ። ይህን የነገረችኝ ሌላ ነርስ ናት፤ ሲስተር እናትነሽ ለብዙ ቀናት አላናገረችኝም።

ጋራዡ ውስጥ አቶ የኔሰው ጮኹ። «ሪሞት፣ ሪሞት ብላችሁ! መካኒክ በእጁ እንጂ በሪሞት ይሠራል?» ቆሜ ሰማሁ። አያ አንዳርጌ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና «የኔሰው፣ ልጅቷን ተዋት። ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ደግሞ ይሸፍኑላት!» አሉ አቶ የኔሰው። «እርስዎ ሲሳሳቱ አይተን እናውቃለን?»

አያ እውነቱን ተናገሩ፤ ደግነት ተደርጎ ተቆጠረላቸው።

ካምቢዮው ወረደ። ሸራዎቹ ከሰል ሆነዋል። ከአዲስ አበባ መለዋወጫ እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት ጠበቅን። እግራቸውን ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው።

ሥራ ስንጨርስ አያ ሊታጠቡ ቀኝ ጫማቸውን ሲያወልቁ አንዲት ዳዶ፣ ብሎን የሚታሰርባት ብረት፣ ከጫማው ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ በደም ርሷል። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል፤ የጠዋት ደም ነው።

«ከየት መጣች ይህች?» ብለው ሳቁ። «ጫማዬ መለዋወጫ መጋዘን ሆነልሽ!»

እኔም ሳቅሁ። ዳዶዋን አንስቼ እጄ ላይ ያዝኳት። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆጠርኳት ዓይነት ናት፤ ጠርዟ ስለታም ነው። እኔ በእሷ ላይ አንድ እርምጃ መራመድ አልችልም። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ውለውባታል።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ከእግራቸው አልተነቀለም። ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ወደ ኋላ ይቀርና ሳያውቁ ይሄዳሉ። ከመኪና መፈተሻው ጉድጓድ ደረጃ ሲወጡ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ሲስተር እናትነሽ ከኩርፊያዋ ስትመለስ «አንድ ዘመድ አለኝ፤ እግሩ ቢቆስልም አያውቀውም» ብዬ ጠየቅኳት።

ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ስኳር ሊሆን ይችላል። ሽንት ያበዛል? ውኃ ይጠማዋል?»

አያ ቀኑን ሙሉ ውኃ ይዘው ነው የሚውሉት። «እንጃ» አልኳት።

«ቶሎ አምጪው። እንዲህ ያለ እግር ሳይታወቅ ይቆስላል፣ ሳይታወቅ ያመረቅዛል። እስከ መቆረጥ ይደርሳል፣ የሺ። አይነዳም አይደል? እንዳይነዳ።»

«አይነዳም» አልኩ። መኪና እየነዱ መፈተንም ሥራቸው ነበር።

ለምን አልተናገርኩም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የግል ጋራዥ ነው፤ ጡረታ የለም። አቶ የኔሰው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን እግሩ የማይሰማ ፈታኝ ምን ያደርግላቸዋል? እዚያ አገር ሁሉ ሰው አያ አንዳርጌን የሚያውቃቸው በእግራቸው ነው። እሱን ከወሰድኩባቸው ምን ይቀራቸዋል? ደግሞስ «እግርዎ አይሰማም» ካልኳቸው፣ ያን ቀን ጠጠር ነው ያሉት ምን ነበር ማለቴ ነው? ለሳምንታት ይህን ሳብሰለስል በየቀኑ ቁስላቸው እየሰፋ መሆኑን አውቅ ነበር። ማነከስ እንኳ አላነከሱም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

ካምቢዮው ተገጠመ። ግፊቱን ጠበቅ አድርጌ አስተካከልኩት፤ ሲስተር እናትነሽም «ይግፋ፣ ብቻ አይቁም» ብላ ተስማማች። አቶ የኔሰው ግን «ከእንግዲህ በነጂ አልተማመንም። አያ፣ እርስዎ ራስዎ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይንዱት» አሉ። ከዚያ ወዲያ አምቡላንሱ ሥራ ይጀምራል።

አራት ሆነን ወጣን። አያ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎናቸው መሣሪያውን ይዤ፣ ይበልጣልና ሲስተር እናትነሽ ከኋላ። አያ እንደ ልማዳቸው ቀኝ ጫማቸውን አውልቀዋል። ተረከዛቸው ላይ ጨርቅ አስረውበታል።

ቁልቁለቱ እንደጀመረ አንድ ነገር አየሁ። ፍሬን ከመያዛቸው በፊት ወደ ታች ያያሉ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ፣ በጣም ለአጭር ጊዜ፣ ከመንገዱ ወደ እግራቸው፣ ከእግራቸው ወደ መንገዱ። ነጂ እግሩን አያይም። የሚያይ ነጂ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ማርሹ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ አያ። ልክ ነው ቁጥሩ። እዚህ ላይ ዞረን ብንመለስስ?»

«ምን አስቸኮለሽ? ሙቀቱን ታች ደርሰን እናየዋለን።»

ይበልጣል ከኋላ «እኔማ እንዲህ ተቀምጬ መነዳት አምሮኛል፤ ተይኝ» አለ።

ከአንድ መታጠፊያ ስንወጣ ከብቶች መንገዱን ሞልተውታል። አንዲት ሴት ዱላ ይዛ ከኋላቸው ትጮሃለች። አያ በዚህ ጊዜ ወደ ታች አላዩም፤ ጊዜ አልነበረም። በእግራቸው ረገጡ። መኪናው አልቀነሰም። ሞተሩ ጮኸ። መሣሪያውን አየሁት፤ የነዳጅ መስጫው ቁጥር ሽቅብ እየወጣ ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ከብቶች ፊት።

«እግርዎን ያንሱ! አያ፣ እግርዎን ያንሱ!»

አነሱት። የማርሹን ዘንግ ወደ ታችኛው ማርሽ ጎተትኩት። ካምቢዮው ሁላችንንም ወደ ፊት ገፍትሮ ያዘ። ሸራው ጠብቆ ያዘ፣ አልተንሸራተተም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አንድ ወይፈን ኮፈኑን በቀንዱ ነክቶት ዞር አለና ሄደ።

ሴትዮዋ መስኮቱ ድረስ መጣች። «ዓይን የላችሁም? በላዬ ላይ ልትሄዱብኝ ነበር'ኮ! አምቡላንስ ብሎ ሰው ጨራሽ!»

አያ አንዳርጌ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው። «ፍሬኑን ረግጬው ነበር» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ቀጭን ነበር። «ረግጬው ነበር'ኮ።»

«እሽ፣ አያ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ሲስተር እናትነሽ ከኋላ አየችኝ፤ የታሰረውን ተረከዛቸውን አየች፤ እንደገና እኔን አየች። መናገሩን ለእኔ ተወችው።

ይበልጣል እየነዳ መለሰን። ለአቶ የኔሰው «ፍሬኑ እምቢ አለ» ብሎ ነገራቸው፤ አራቱም ጎማ ወርዶ ፍሬኑ ተፈተሸ። እንከን አልነበረበትም። አቶ የኔሰው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። አያ አንዳርጌ ግን «ነገ ጠዋት እንደገና ይዤው እወርዳለሁ። ሳልጨርስ ለሰው አልሰጥም» አሉ። እንደ ድሮው የታመነ ሰው አነጋገር ነበር፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ይበልጣል አምቡላንሱን አስነስቶ ሞተሩን እያሟቀ ነበር። አያ አንዳርጌ ግቢው ውስጥ ከመኪና በወረደ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሄጄ ከፊታቸው ተንበረከክኩ።

«ምነው የሺ? ምን ሆነሻል?»

«አያ፣ አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

«ለምን?»

«አንዱን የእግር ጣትዎን እይዛለሁ። የትኛው እንደሆነ ይነግሩኛል።»

ሳቁ። «በጠዋቱ የልጆች ጨዋታ አማረሽ?» ግን ጨፈኑ፤ እኔን እምቢ ብለውኝ አያውቁም። ይበልጣል ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት ብቅ አለና ሊቀልድ ፈልጎ ፊቴን ሲያይ ተወው።

አውራ ጣታቸውን ያዝኩ። ቆዳው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነበር። ጨበጥኩት። ጥፍሬ እስኪነጣ ድረስ አጥብቄ ጨበጥኩት። አያ አንዳርጌ ፊታቸው ላይ ፈገግታ እንዳለ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

«በይ እንጂ፣ እታለም» አሉኝ። «ያዥው።»

«ይዤዋለሁ፣ አያ» አልኳቸው።